ሰው ሲነሣ የሚወርደው የደም ግፊት፦ የልኬቱና የአረጋውያን መውደቅ ታሪክ

ተኝቶ ወይም ተቀምጦ የቆየ ሰው ብድግ ሲል ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ የሚሆን ደም ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም በዚያው ልክ ስለሚያንስ ግፊቱ ለአፍታ ይቀንሳል። ይህን የሚጠባበቁ የነርቭ ጫፎች በአንገት ደም ወሳጅ ቧንቧዎችና ከልብ በሚወጣው በትልቁ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ይገኛሉ። የግፊቱን መቀነስ እንዳወቁ ልብ እንዲፈጥን፣ የደም ቧንቧዎችም እንዲጠብቡ ያደርጋሉ። ሁሉም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ስለሚያልቅ ጤነኛ ሰው ምንም አይታወቀውም። ዕድሜ ሲገፋ፣ የስኳር በሽታ ወይም ፓርኪንሰን ነርቮቹን ሲጎዳ፣ አለዚያም መድኃኒት ሥራቸውን ሲያዘገየው ግን ዐይን ይጨልማል፣ ራስ ይዞራል፣ ጉልበት ይከዳል። አዛውንቶች ሌሊት ለሽንት ሲነሡ፣ ወይም ብዙ ተቀምጠው ቆይተው ብድግ ሲሉ ከሚወድቁባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በዚያ ዕድሜ አንድ ጊዜ መውደቅ የዳሌ አጥንት ሰብሮ አልጋ ላይ ሊያውል ይችላል።

ሕክምናው ይህን አውቆ መላ ለማበጀት የዘገየው መሣሪያ አጥቶ አይደለም። መሣሪያው ከ100 ዓመት በላይ በእጁ ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜያት በቀር የሚለካው የተኛ ወይም የተቀመጠ ሰው ነበር፤ የሚፈለገውም ከፍ ያለ ቁጥር እንጂ የሚወርድ ቁጥር አልነበረም። የደም ግፊት ታሪክና የመውደቅ ታሪክ ለረጅም ዘመን በየፊናቸው የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ልኬት የተወሰደው ከፈረስ ነው። ለንደን አጠገብ በምትገኘው በቴዲንግተን ያገለግል የነበረው እንግሊዛዊ ቄስ ስቲቨን ሄልስ፣ ከስብከት በተረፈው ጊዜ የዕፅዋትን ፈሳሽና የእንስሳትን ደም ይመረምር ነበር። በ1733 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ 14 ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ትከሻዋ አካባቢ ቁስል ያለባት ባዝራ ከነነፍሷ በጀርባዋ ተጋድማ ታሰረች። ሄልስ የጭኗን ደም ወሳጅ ቧንቧ ከፍቶ ቀጭን የነሐስ ቱቦ ሰካበት፤ በነሐሱም ላይ 9 ጫማ ርዝመት ያለው የብርጭቆ ቱቦ ገጠመ። ቧንቧውን የያዘው ማሰሪያ ሲፈታ ደሙ በብርጭቆው ውስጥ እየዘለለ ወጥቶ ከልቧ በላይ 8 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ተኩል ያህል ደረሰ። ልቧ በመታ ቁጥርም ጥቂት ኢንች ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ከዚያ ሄልስ ደሟን በመጠን እያፈሰሰ፣ ከፍታው በየጊዜው ምን ያህል እንደሚቀንስ መዘገበ፤ ባዝራይቱም በዚያው ሞተች። ሙከራው ጭካኔ አለበት፤ ሆኖም ደም በቧንቧው ውስጥ የሚለካ ኀይል እንዳለው ከዚያ በፊት በቁጥር ያሳየ ሰው አልነበረም።

ረጅሙን ቱቦ ያሳጠረው ፈረንሳዊው ዣን ሌዮናር ማሪ ፑዋዜይ ነው። በ1828 በደሙ ዓምድ ፈንታ ሜርኩሪ ተጠቀመ። ሜርኩሪ ከውሃ 13 ጊዜ ተኩል በላይ ስለሚከብድ ሜትሮች ይፈጅ የነበረው ከፍታ ወደ ሚሊ ሜትር ወረደ። ዛሬም ግፊት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚነገረው ከዚያ ወዲህ ነው። ይሁን እንጂ የሰውን ደም ቧንቧ ሳይበሱ መለካት እስኪቻል ድረስ ነገሩ ከቤተ ሙከራ አልወጣም። በ1881 ቪየና ውስጥ ሳሙኤል ፎን ባሽ ውሃ የሞላ የጎማ ፊኛ የልብ ምት በሚዳሰስበት ቦታ ላይ እየተጫነ፣ ምቱ የሚጠፋበትን ግፊት ማንበብ ጀመረ። ከ15 ዓመት በኋላ የቱሪኑ ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚታየውን የክንድ ማሰሪያ አመጣ። የጎማው ማሰሪያ በላይኛው ክንድ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ የእጅ አንጓው ምት እስኪጠፋ አየር ይነፋበታል፤ ከዚያ አየሩ ቀስ ተብሎ ሲለቀቅና ምቱ ሲመለስ ሜርኩሪው ይነበባል። ለመጀመሪያው መሣሪያ የብስክሌት ካላማዳሪ እንደዋለበት ይነገራል። ሪቫ ሮቺ ጽሑፉን ቱሪን ላይ ያወጣው በ1896 መጨረሻ ነው፤ የጣልያን ጦር ዐድዋ ላይ ድል ከተመታ ጥቂት ወራት በኋላ መሆኑ ነው።

አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ1901 ፓቪያ ላይ መሣሪያውን አይቶ ወደ ባልቲሞር ወሰደው። ብዙ ሐኪሞች ግን በጣት መዳሰስ የለመዱትን ጥበብ ያደነዝዛል ብለው በጥርጣሬ ነበር የተቀበሉት። ልኬቱ የተሟላው በ1905 ነው። ከሩስያና ጃፓን ጦርነት የተመለሰው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ፣ የተጎዱ የደም ቧንቧዎችን ሲያጠና የጆሮ ማዳመጫውን በክርን መታጠፊያ ላይ አድርጎ ከማሰሪያው በታች የሚሰማውን ድምፅ አስተዋለ። ድምፁ ሲጀምር የላይኛው ግፊት፣ ሲጠፋ የታችኛው ግፊት እንደሚነበብ ለፒተርስበርግ ሐኪሞች ያቀረበው ጽሑፍ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። በሕክምና ታሪክ ይህን ያህል አጭር ሆኖ ይህን ያህል ርቆ የሄደ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ ልኬቱን ያስፋፋው ሆስፒታል ብቻ አልነበረም። ኖርዝዌስተርን ሚውቹዋል የተባለው የአሜሪካ የሕይወት ዋስትና ኩባንያ ከ1907 ጀምሮ የደንበኞቹን ግፊት ማስለካት ያዘ። ኩባንያ የሚፈልገው በሠንጠረዥ የሚገባ አንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ቶሎ እንደሚሞት ከመዝገቡ ይታየው ነበር። ሰውየው ሲነሣ ቁጥሩ የት እንደሚደርስ ለመዝገቡ ምንም አይጨምርም።

የመነሣትን ነገር የያዙት በዚያን ጊዜ የፊዚዮሎጂ ሰዎች ነበሩ። እንግሊዛዊው ሌናርድ ሂል በ1895 የምድር ስበት በደም ዝውውር ላይ ያለውን ጫና ሲያጠና፣ በጎጆ ታስራ የኖረች ሆዷ የላላ ጥንቸል እግሯ ወደ ታች ሆኖ ቀጥ ብላ ብትያዝ ደሟ ወደ ሆዷ ተጠራቅሞ ራሷን እንደምትስት አሳየ፤ ሆዷ በጨርቅ ሲጠበቅ ደግሞ ዝውውሩ ይመለስ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤድዋርድ ሽናይደር ለአውሮፕላን አብራሪዎች ባወጣው የብቃት መመዘኛ የልብ ምትና ግፊት ተጋድሞም ቆሞም ይለካ ነበር። ሆኖም የተፈተኑት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ አዛውንት ማንም አልቆመም። የነርቮቹን አሠራር በ1920ዎቹ በጀርመን ይሠራ የነበረው ሃይንሪሽ ሄሪንግ በአንገት ቧንቧ ላይ አገኘው፤ በዚያው መስክ የሠራው ቤልጅጋዊ ኮርኔይ ሄይማንስም የ1938ን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በሽታው ስም ያገኘው በ1925 ነው። ሳሙኤል ብራድበሪና ኬሪ ኤግልስተን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሲቆሙ ግፊታቸው የሚያሽቆለቁል ሦስት ሕሙማንን አቀረቡ። ሕሙማኑ ተኝተው ሳሉ ደኅና ናቸው፤ ሲነሡ ግን ራሳቸውን ይስታሉ። ግፊታቸው ሲወርድ የልብ ምታቸው መፍጠን ሲገባው ባለበት ይቆያል፤ ላብም አያልባቸውም፤ በሙቀት ጊዜ ይብስባቸዋል። ሦስቱም የነርቭ ሥርዐታቸው የተበላሸ ስለነበር ሕመሙ ብርቅዬ ተደርጎ ተያዘ። በ1940 ከማዮ ክሊኒክ ማክሊንና አለን የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጎ መተኛት እንደሚረዳ ጻፉ። ዘዴው ዛሬም ይመከራል፤ ቀጥ ብሎ የተኛ ሰው ኩላሊት ሌሊቱን ጨውና ውሃ አብዝቶ ስለሚያስወጣ ጠዋት ደሙ አንሶ ይነሣል፤ ራስጌው ከፍ ሲል ይህ ይቀንሳል።

ለከፍተኛ ግፊት ደግሞ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም። እንዲያውም ስመ ጥር የልብ ሐኪሞች ሳይቀሩ፣ የጠበቡት ቧንቧዎች ደም እንዲያገኙ ግፊቱ ከፍ ማለቱ ያስፈልጋል፣ ባይነካ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ኤፕሪል 12 ቀን 1945 በአንጎል ደም መፍሰስ ሲሞቱ ግፊታቸው 300 በ190 ነበር፤ ሐኪማቸው ከጨው ቅነሳ፣ ከዕረፍትና ዲጂታሊስ ከተባለው የልብ መድኃኒት በቀር ብዙ የሚሰጣቸው አልነበረውም።

ግፊትን በእርግጥ ማውረድ የቻሉት የመጀመሪያዎቹ ሕክምናዎች ሰውን መቆም የሚከለክሉ ሆኑ። ቦስተን ውስጥ ሬጂናልድ ስሚዝዊክ በአከርካሪ ግራና ቀኝ የሚወርዱትን የደም ቧንቧ አጥባቂ ነርቮች በሁለት ዙር ቀዶ ሕክምና ይቆርጥ ነበር። ነርቮቹ ደሙን ከእግርና ከሆድ ወደ ላይ የሚመልሱ በመሆናቸው ሕመምተኛው ከአልጋ ሲነሣ ያዞረዋል፣ ይወድቃል። ስለዚህ እግሩ በላስቲክ ፋሻ ተጠምጥሞ፣ ሆዱም በመቀነት መሳይ ማሰሪያ ተጠብቆ፣ ለሳምንታት መቆምን እንደ አዲስ ይለማመድ ነበር።

በ1948 እንግሊዝ ውስጥ ዊልያም ፓተንና ኤሊነር ዛይሚስ ሄክሳሜቶኒየም የተባለውን ኬሚካል መረመሩ። ሥራው ቢላዋው የሚቆርጣቸውን ነርቮች በመርፌ ማገድ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ በደኒደን ሆስፒታል ሆረስ ስመርክ ከ1950 ገደማ ጀምሮ እጅግ ከባድ ግፊት ላለባቸው ሰዎች ይሰጠው ያዘ፤ መርፌውን ራሳቸው እንዲወጉም አስተማራቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መድኃኒቱ የተኛን ሰው ግፊት እምብዛም አያወርደውም፤ ኀይሉ የሚታየው ሰውየው ሲቀመጥና ሲቆም ነው። ስለዚህ መጠኑ የሚወሰነው ሕመምተኛው ቆሞ በሚለካው ግፊት ነበር፤ ሌሊትም እንዲሠራ ራስጌው ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይተኛ ነበር። ማክሊንና አለን ግፊት እንዳይወርድ ያዘዙት የአልጋ ራስጌ፣ በስመርክ ዘንድ ግፊት እንዲወርድ የሚታዘዝ ሆነ። አፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀትና የዐይን መፍዘዝ ከመድኃኒቱ ጋር አብረው የሚመጡ ነበሩ፤ ተራ ጥበቃ ላይ ረጅም ጊዜ መቆምም ራስን ያስታል። ሆኖም ያለ መድኃኒቱ በወራት ውስጥ ይሞቱ የነበሩ ሰዎች በሕይወት ቆዩ። ቆሞ መለካት በየዕለቱ ሥራ ውስጥ ገብቶ የነበረው በዚህ ዘመን ነው፤ የገባው ግን ሰው እንዳይወድቅ ተብሎ ሳይሆን መድኃኒቱ ሌላ መለኪያ ስለሌለው ነው።

ልማዱ ብዙ አልቆየም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ክሎሮታያዛይድ የተባለው የሚያሸና መድኃኒት በእንክብል መጣ፤ ሕመምተኛው ተቀምጦም ቆሞም ግፊቱ ይወርዳል፣ ራሱንም እምብዛም አይስትም። ከዋሽንግተን የኤድዋርድ ፍሬስ ቡድን በጦር ጉዳተኞች ሆስፒታሎች ያካሄደው ጥናት በ1967 የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ የ143 ወንዶችን ውጤት ይፋ ሲያደርግ፣ ግፊትን ማውረድ ሕይወት እንደሚያተርፍ የሚያከራክር አልሆነም። መድኃኒቱ ወደ ሚሊዮኖች ተዛመተ፤ ሚሊዮኖችን ለመለካት የሚመቸውም ወንበር ነው። ከዚያ ወዲህ የተቀመጠ ሰው ልኬት ብቸኛው ልኬት እስኪመስል ድረስ ጸና።

አዛውንቶች ለምን እንደሚወድቁ የጠየቁት ሌሎች ሐኪሞች ነበሩ። በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተማ በዎልቨርሃምፕተን ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ሼልደን፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደ ይመረምር ነበር። በ1960 ባወጣው ጽሑፍ በ202 ሰዎች ላይ የደረሱ 500 ውድቀቶችን አንድ በአንድ ተነተነ። ሲሶ ያህሉ ድንገተኛ አደጋ ነበር፤ ከፊሉም በደረጃ ላይ የደረሰ። ሩብ ያህሉ ያለ ማዞርም ያለ መሰናከልም ጉልበት ድንገት ሲከዳ የሚመጣ ነበር። ሲነሡ ግፊት በመውረዱ የወደቁት ጥቂት ሆነው ተገኙ። እርግጥ በ1960 አብዛኛው አዛውንት የግፊት መድኃኒት አይወስድም ነበር፤ ቁጥሩ ሲነበብ ይህን ማስታወስ ያሻል።

በ1973 ግላስጎው ውስጥ ፍራንሲስ ኬርድና ባልደረቦቹ በቤታቸው የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ 494 ሰዎችን አስተኝተውም አቁመውም ለኩ። ሩብ ያህሉ ላይ የላይኛው ግፊት 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ወረደ። ብራድበሪና ኤግልስተን በሦስት ሰዎች ያዩት ብርቅዬ ሕመም በጎረቤት ሁሉ ሊገኝ የሚችል ሆነ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1983 ቦስተን ውስጥ ሉዊስ ሊፕሲትዝና ባልደረቦቹ፣ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ አዛውንቶች ምግብ ከበሉ በኋላ ከ35 ደቂቃ ገደማ ግፊታቸው በአማካይ 25 ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ አሳዩ፤ ደሙ ለምግብ መፍጨት ወደ አንጀት ስለሚሄድ ነው። ከምሳ በኋላ ከገበታ ተነሥቶ መውደቅ ከዚያ በፊት ምክንያቱ ብዙም አይታወቅም ነበር።

ሁለቱን ታሪኮች ካገናኙት ሰዎች ግንባር ቀደሟ የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ሜሪ ቲኔቲ ናት። በ1988 ባወጣችው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆኑ በቤታቸው የሚኖሩ 336 ሰዎችን አንድ ዓመት ተከታትላ ሲሶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚወድቁ አገኘች። አብዛኛው ውድቀት አንድ ምክንያት ብቻ የለውም፤ የእግር ድክመት፣ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ የግፊት መውረድና የቤቱ አቀማመጥ ይደራረባሉ። በ1994 ከባልደረቦቿ ጋር 301 ሰዎችን በሁለት ከፍላ ሞከረች። ሲነሡ ግፊታቸው የሚወርድባቸው ከመነሣታቸው በፊት ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያንቀሳቅሱ፣ እጃቸውን እንዲጨብጡና እንዲዘረጉ፣ የአልጋቸውን ራስጌ ከፍ እንዲያደርጉ ተመከሩ፤ መድኃኒታቸውም ተመርምሮ የተቀነሰላቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ እርዳታ ካገኙት 35 በመቶው፣ ካላገኙት 47 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ወደቁ። አዲስ መድኃኒት ሳይፈጠር የተገኘ ልዩነት ነው።

በ1996 የታተመው የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች ስምምነት ለልኬቱ ወሰን አበጀለት፤ ከቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት ቢያንስ በ20 ወይም የታችኛው በ10 ሚሊ ሜትር ከወረደ ሕመሙ አለ ይባላል። በዚያው ዓመት የደም ቧንቧን የሚያጠብበው ሚዶድሪን በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ ጨውና ውሃ በሰውነት የሚያቆየው ፍሉድሮኮርቲዞን ግን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሰጥ ነበር። ከሁሉ የቀለለው ዘዴ የመጣው ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ያሉ ተመራማሪዎች በ2000 እንዳሳተሙት፣ የነርቭ ሥርዐታቸው የተጎዳ ሰዎች ግማሽ ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ ሲጠጡ የላይኛው ግፊታቸው ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ይላል።

ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ወደ አንድ ጥያቄ ጠበበ፤ የአዛውንትን ከፍተኛ ግፊት ማውረድ ይጥለዋልን? በ2008 የወጣው ሃይቬት የተባለው ጥናት ዕድሜያቸው 80ና ከዚያ በላይ የሆኑ 3845 ሰዎችን ይዞ፣ ግፊታቸው ወደ 150 በ80 ሲወርድ ሞት እንደሚቀንስ አሳየ። በሌላ በኩል በ2012 ከካናዳዋ ኦንታሪዮ የወጣው ጥናት፣ የግፊት መድኃኒት በጀመሩ አረጋውያን ላይ በመጀመሪያዎቹ 45 ቀናት የዳሌ ስብራት በ43 በመቶ እንደሚጨምር አገኘ። ቲኔቲና ባልደረቦቿም በ2014 ዕድሜያቸው ከ70 በላይ በሆኑ 4961 ሰዎች ላይ ባደረጉት ክትትል፣ መድኃኒት የሚወስዱት ከማይወስዱት ይልቅ ክፉ ጉዳት በሚያስከትል ውድቀት እንደሚጠቁ ጻፉ። በ2015 ደግሞ ስፕሪንት የተባለው የአሜሪካ ጥናት መጣ። 9361 ሰዎች ተሳትፈውበት፣ የላይኛው ግፊት ከ120 በታች እንዲሆን የተደረገላቸው ከ140 በታች ከተደረገላቸው ይልቅ ራስን መሳት በዝቶባቸዋል፤ ጉዳት ባስከተለ ውድቀት ግን አልበለጧቸውም። ሲቆሙ ግፊታቸው የሚወርድባቸው ሰዎች ቁጥር እንኳ አነሰ፤ ከፍ ያለ ግፊት ቧንቧዎቹን በማድረቅ የነርቮቹን ንቃት ያደነዝዛልና።

እነዚህ ውጤቶች እንደሚመስሉት አይጣሉም። ሃይቬት ቆመው ሲለኩ የላይኛው ግፊታቸው ከ140 በታች የሆኑትን፣ ስፕሪንት ደግሞ ከ110 በታች የሆኑትን ከመጀመሪያው አላስገባም፤ ስፕሪንት በመጦሪያ ቤት የሚኖሩትንም አልወሰደም። መቆም የሚችለው ተመርጦ ነው የገባው። ኦንታሪዮና ቲኔቲ የቆጠሩት ግን ሳይመረጥ ክሊኒክ የሚመጣውን ሕዝብ ነው። ከዚህ የሚወጣው ነገር መድኃኒቱ በዝግታና በትንሽ መጠን እንዲጀመር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆሞ እንዲለካና ሲያዞር ከግፊቱ መድኃኒት በፊት የእንቅልፍና የፕሮስቴት መድኃኒቶች እንዲመረመሩ ነው። በ2021 የታተመና 58 ሙከራዎችን የደመረ ጥናትም የግፊት መድኃኒቶች ራስን ከመሳት ጋር እንጂ ከመውደቅ ጋር ግልጽ ዝምድና እንደሌላቸው ደርሶበታል።

የቀረው ከቆሙ በኋላ መቼ ይለካ የሚለው የሰዓቱ ጉዳይ ነበር። በ1973 ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ያን ፔኛዝ በጣት ላይ በሚጠለቅ ትንሽ ማሰሪያ የእያንዳንዱን የልብ ምት ግፊት የሚከታተል ዘዴ ፈጠረ፤ ሆላንዶች በ1980ዎቹ ለሆስፒታል እንዲመች አደረጉት። በዚህ መሣሪያ ሲታይ ትልቁ መውረድ በመጀመሪያዎቹ 15 ሴኮንዶች ይደርሳል፤ የክንድ ማሰሪያው አየር ገና እየተነፋ ሳለ ያልፋል። የአየርላንድ የእርጅና ጥናት ይህንኑ መሣሪያ በሺዎች ላይ ተጠቅሞ፣ ከቆሙ በኋላ ግፊታቸው በፍጥነት የማይመለስላቸው ሰዎች ምክንያቱ ባልታወቀ ውድቀት ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳየ። በ2017 በአሜሪካ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናትም ከውድቀትና ከማዞር ጋር ይበልጥ የሚዛመደው በ1 ደቂቃ ውስጥ የሚወሰደው ልኬት እንጂ የ3 ደቂቃው እንዳልሆነ አገኘ። ቀድሞ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ብቻ ይለካ የነበረ ሐኪም አሁን በ1 ደቂቃም በ3 ደቂቃም እንዲለካ ይመከራል።